በቀለም ሱቅ ላይ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ

ዶክተሩ ከውጭ አገር ተመልሶ ሐረር ላይ ዩኒቨርሲቲ ሊከፍት ነው የሚለውን ወሬ ያመጣችልኝ እናቴ ናት። ከመድኃኔዓለም ተሳልማ መመለሷ ነበር።

"ያ አብሮሽ የተማረው ልጅ" አለችኝ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ "ፊዚክስ ካንቺ ይገለብጥ የነበረው። ዶክተር ሆኖ መጥቷል አሉ።"

"የምን ዶክተር?"

"የሚያክም አይደለም አሉ። የሌላው ዓይነት።"

እኔ ያኔ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ቤታችን አቦከር ሰፈር ነው። አያቴ በወታደርነት መጥተው የሠሩት፣ አባቴ ጓዳ የቀጠሉበት፣ አሁን እኔና እናቴ ብቻ የቀረንበት ቤት። ሁለተኛ ዲግሪዬን ክረምት ክረምት እየተመላለስኩ የያዝኩት አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ ብዬ ነበር። አልሆነም። የመምህር ቅጥር ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ቦታው አስቀድሞ ሰው ተገኝቶለት ይቆየኛል። ስለዚህ ዶክተሩ ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥቶ በግቢው መካከል ስሜን ሲጠራ፣ ልቤ ደስ አላላትም ብል ውሸት ነው።

ሱፍ ለብሷል። በዚያ ፀሐይ ሱፍ። ጫማው ያብረቀርቃል፤ አማርኛው ግን የድሮው የሐረር አማርኛ ነው።

"አቦ፣ አንቺ ጠመኔ ስትቅሚ ልታረጂ ነው እንዴ?" አለኝ። "ነይ፣ ሌክቸረር ትሆኛለሽ። ዓለም አቀፍ ተቋም ነው። እናት ዩኒቨርሲቲያችን ውጭ አገር ናት፤ እኛ የሐረር ካምፓሷ ነን።"

የእናትየዋን አገር ነገረኝ። በካርታ ላይ የዝንብ ኩስ የምታክል ደሴት ናት። የምታምር ደሴት። ባመጣው ብሮሹር ላይ ዘንባባ አለ፣ ሰማያዊ ባሕር አለ፣ መጽሐፍ ያቀፈች ነጭ ልጅ ሣር ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ትምህርት ቤቴን ሳልለቅ ከሰዓት ከሰዓት ላስተምርለት እሺ አልኩ።

ካምፓሱ ከሸዋ በር ወጥቶ ወደ አዲሱ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ፎቅ ነው። ታች የቀለም ሱቅ አለ፤ በላዩ እኛ። ከመስኮቱ ሥር የተሰቀለው ትልቅ ባነር ላይ የእናት ዩኒቨርሲቲው ዓርማ ተስሏል። አንበሳ፣ መጽሐፍ፣ መልሕቅ። ውኃ በጄሪካን በምትጠጣ ከተማ ላይ መልሕቅ። ሐረር እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታልፍም፤ በሳምንቱ የባጃጅ ሾፌሮቹ መተረቻ አደረጉን። "ቀለም ታች ነው የሚሸጠው፣ ላይ ወሬው ነው" ይላሉ። አንዱማ ከፎቁ በር ላይ ሲያወርደኝ፣ "ቲቸር፣ የታችኛው ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ግድግዳ ላይ ይይዛል" ብሎኛል። ስቄ ወረድኩ። ቢያናድደኝም የሚሳቅ ነበር።

ካምፓሱ የተመረቀ ቀን ጋውን እንድንለብስ ታዘዝን። ጋውኖቹ የተሰፉት ጀጎል ግንብ ውስጥ መኪና ግርግር ነው፤ የልብስ ስፌት መኪኖች ከጧት እስከ ማታ በሚያንቀጫቅጩበት በዚያ መንገድ። ጨርቁ የመጋረጃ ጨርቅ ነው። ሰፊው ምን እንደሆነ ስላልገባው የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራንን ልክ ይዞ ነበር የቆረጠው፤ ስለዚህ እጅጌው ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር ሆኖ መጣ። ከከተማው የመጡት ባለሥልጣናትም ለበሱት። ከጋውኑ ሥር የሱሪያቸው ጉልበት እየታየ፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀመጡ። ከመካከላቸው ከፍ ያለው ተነሥቶ ንግግር አደረገ።

"ሐረር ከዛሬ ጀምሮ ዓለም አቀፍ ከተማ ሆናለች!" አለ።

ጭብጨባው ደመቀ። የዐረብ፣ የህንድ፣ የአርመን፣ የግሪክ ነጋዴ ሲገባባትና ሲወጣባት የኖረች ከተማ፣ ዓለም አቀፍ መሆኗን በአንድ ቅዳሜ ጧት፣ ከቀለም ሱቅ በላይ፣ በመጋረጃ ጨርቅ ከታጠቀ ሰው አፍ ሰማች። እኔም አጨበጨብኩ። አጠገቤ ያለው ሁሉ እያጨበጨበ ዝም ማለት አይመችም።

ተማሪዎቻችን ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ዕድገት ለማግኘት ዲግሪ ተጠይቀው የመጡ። እነዚህ ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ ጉንጫቸው እንዳበጠ ይገቡና ሙሉውን ክፍለ ጊዜ በታላቅ ጽሞና ጣሪያውን ያዩታል። ሁለተኞቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያልመጣላቸው ልጆች ናቸው። እነሱ መማር ይፈልጋሉ፤ በተለይ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው የሐጂ ልጅ።

ሐጂ ጀጎል ውስጥ የጨርቅ ነጋዴና የተከበሩ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ልጅቷ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አንድ ነገር ካልገባት እጇን ከማውረድ ይልቅ የምትሞት። እናት ዩኒቨርሲቲው የላከልን ነው ተብሎ የተሰጠን የንግድ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር። ከምሳሌዎቹ አንዱ ከመንገድ ላይ በረዶ የሚጠርግ መኪና ስለሚሸጥ ድርጅት ይተርካል። ልጅቷ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ በደሴቷ ላይ በረዶ ይጥላል እንዴ? ብሮሹሩ ላይ ዘንባባ ነው ያለው።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አልኳት፤ መምህር መልስ ሲያጣ የሚለውን።

ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አመጣች። እናትየዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ ትምህርት ከሚማሩ ልጆች ጋር መጻጻፍ ፈለገች። ዶክተሩ ክፍላችንን ሊጎበኝ ሲገባ በቀጥታ ጠየቀችው።

"እየተነጋገርንበት ነው" አላት። "ሲስተሙ እየተዘጋጀ ነው።"

በሚቀጥለው ወር ጠየቀችው። ሲስተሙ እየተዘጋጀ ነው። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ትታ እኔን ማየት ጀመረች። ልጅ ዝም ብሎ ሲያይ ይከብዳል።

በዚህ መካከል እንግዳ ይመጣል ተባለ። የእናት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር፣ ካምፓሳችንን ሊጎበኙና ሊመረምሩ። ፎቁ ከላይ እስከ ታች ቀለም ተቀባ፤ ቀለሙማ ቅርብ ነበር። መጻሕፍት ቤት የሚል ጽሑፍ ያለው ክፍል ተከፍቶ፣ ከእኔ ትምህርት ቤት ሳይቀር በውሰት የመጡ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መጻሕፍት፣ ክፍላቸው እንዳይታይ ጀርባቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ ተደረደሩ። እንግሊዝኛ ስለምናገር እንግዳውን ጀጎልን ማስጎብኘት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ፕሮፌሰሩ የጠበቅኩት ዓይነት ሰው አልነበሩም። ረዥም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ጸጉራቸው የሳሳ፣ የሚያፍሩ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው። በሸዋ በር ገብተን በጠባቦቹ መንገዶች ስንዘልቅ በየበሩ ቆመው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ቅርጫት የምትሰፋ ሴት ሲያዩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ደክሟቸው ለጎብኚ ክፍት ከሆነው አንድ የቆየ የሐረሪ ቤት ገባን። ምንጣፍ በተነጠፈበት ነደባ ላይ፣ በዚያ እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያለ በሚሄደው መቀመጫ ዝቅተኛው ላይ፣ ጫማቸውን አውልቀው አረፍ አሉ። ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ሰፌዶችና ሳህኖች ተደንቀው አንድ በአንድ ይቆጥሯቸው ጀመር።

እኔም የልጅቷን ጥያቄ ያቀረብኩት ያን ጊዜ ነው። ተንኮል አልነበረኝም። "ከእናንተ ተማሪዎች ጋር መጻጻፍ የምትፈልግ ጎበዝ ልጅ አለችኝ። እባክዎ፣ እዚያ የአንድ ሁለት ተማሪ አድራሻ ይስጡኝ" አልኳቸው።

አዩኝ።

"የትኞቹ ተማሪዎች?" አሉ።

"የእናንተ። ደሴቷ ላይ ያሉት።"

"ደሴቷ ላይ ተማሪ የለንም" አሉኝ፣ ይህን እኔ የማላውቅ መሆኔ እያስደነገጣቸው። "ቢሮ ነው ያለን። ሁለት ክፍል፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ። አንዲት ጸሐፊ አለች፤ እሷም ግማሽ ቀን ነው የምትገባው።"

"ታዲያ ተማሪዎቹ የት ናቸው?"

"እናንተ ናችሁ" አሉ። "እናንተና እንደ እናንተ ያሉ ሌሎች ከተሞች። በየሄድኩበት ሁሉ 'እናት ዩኒቨርሲቲያችን እንዴት ናት?' ይሉኛል። እኔ ደግሞ እዚህ ስመጣ ቢያንስ እናንተ ጋ እውነተኛ መጻሕፍት ቤት ይኖራል ብዬ ነበር።"

ከዚያ ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናቸው። ሥራቸው መመረቂያ ባለበት ሁሉ እየተጓዙ ጋውን መልበስና እጅ መጨበጥ ነው። "ፊቴ ፕሮፌሰር ይመስላል ብለው ነው የወሰዱኝ" አሉ። ፈገግ ቢሉም ዐይናቸው አልሳቀም። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ላሚቱም እኛን ታልብ እንደነበር ግን ያን ዕለት ነው የገባኝ።

ፕሮፌሰሩን ሆቴላቸው አድርሼ በቀጥታ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ወጣሁ። ማታ እንግዳውን የጅብ ማብላቱን ትርኢት ሊያሳያቸው መኪና እያዘዘ ነበር። ስልኩን እስኪዘጋ ጠበቅኩት።

"ሁለት ክፍል ነች አሉኝ እናት ዩኒቨርሲቲህ። ከጥርስ ሐኪም በላይ።"

"ታዲያስ?"

"ተማሪ የላትም።"

"እኛ አለን አይደል?" አለ። ሳቀ። እኔ ባልስቅለት ጊዜ ፊቱን ሰበሰበ። "ስሚ፤ ሐረር ላይ ማን ነው ደሴት ሄዶ የሚያየው? ሰው የሚፈልገው ወረቀቱን ነው። እኔ ወረቀቱን አመጣሁለት። ምን በደልኩ?"

"የአንተስ ዶክተርነት?" አልኩት። "ከየት ነው?"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እንዲያፍር ጠብቄ ነበር፤ አላፈረም።

"ከዚያው ነው" አለኝ። "ምን ይሁን? ሰው ከቤቱ አይበላም እንዴ?"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቹ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ጌጥ አልጨመርኩበትም። ሁለቱን ክፍል፣ ጸሐፊዋን፣ "እናንተ ናችሁ" የተባለውን። ከዚያ የሐጂ ልጅ፣ "በቃ ዩኒቨርሲቲዋ እኛ ነን ማለት ነው?" አለች፤ አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እሷ ግን ዐይኗ እንባ ሞልቷል።

ከኋላ ወንበር አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ተነሣ። በዚያ ዓመት ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

"ቲቸር፣ ይቅርታ አርጊልኝና፣ ይኼ ነገር ባይወራ ምን ነበረበት?"

"አልገባኝም" አልኩት።

"እኔ የድሮ ዲፕሎማዬን ቆጥረውልኝ ለመመረቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። አለቃዬ የሚጠይቀኝ ዲግሪ አለህ ወይ ብሎ ነው። ከጥርስ ሐኪም በላይ ነው ወይስ በታች ብሎ አይጠይቀኝም።"

"ልክ ነው!" አሉ ጓደኞቹ። ዓመት ሙሉ ጣሪያ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ባንድ ጊዜ ነቁ። አንዷ፣ እኔ ዕድገት ተከልክዬ በቅናት እንደማወራ ነገረችኝ። ሌላው መረጃ ይዤ እንደሆነ ጠየቀ። ልጆቹ ጮኹባቸው፤ እነሱም በልጆቹ ጮኹ። እኔ መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ያናደደኝ ዶክተሩ እንኳ አልነበረም። እሱ ሻጭ ነው፤ የሻጭ ጠባዩ ይታወቃል። የተሸጠለት ነገር ባዶ መሆኑን እያየ፣ ባዶውን አጥብቆ ያቀፈው ገዢ ነው ያንገሸገሸኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ መጣብን።

ሦስት ናቸው። አንዱ ሐጂ ናቸው፤ አንዱ የሰበካችን ቄስ፤ ሦስተኛው ጡረታ የወጡ ኮሎኔል። እናቴ ደንግጣ ወንበር አወጣች፤ ያለ ቀጠሮ ሽማግሌ ሲመጣ ልጄ ለትዳር ልትጠየቅ ነው ብላ ሳታስብ አልቀረችም፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሲቀመጡ ቄሱ ጀመሩ።

"ልጄ፣ ዶክተሩ አዝኗል። በተማሪ ፊት ስሙን አንሥተሻል። ስሕተት ነበር በይና ይለቅ።"

"አባ፣ ምኑ ነው ስሕተቱ?"

ቄሱ ወደ ኮሎኔሉ አዩ። ኮሎኔሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ነገሩ እውነት ቢሆን እንኳ" አሉ፣ "አለቃን በበታች ፊት ማጋለጥ ሥርዓት አይደለም። እኛ ጋ ቢሆን ያስቀጣል።"

"የበታች አይደሉም እኮ፤ ተማሪዎች ናቸው" አልኳቸው።

ሐጂ እስካሁን መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ዝም ብለው ነበር። አሁን ድምፃቸውን ዝግ አድርገው ተናገሩ። "ልጄ፣ ይህች ከተማ ስም አላት። ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ መጣላት ተብሎ ተወርቷል፤ ድሬዳዋ ሳይቀር ቀንቷል። አሁን ውሸት ነበር ቢባል ወላሂ ሁላችንም ነን የምንዋረደው። ዝም ማለት ያባት ነው።"

"ሐጂ፣ እርስዎ የውሸት ጨርቅ ሱቅዎ ቢገባ የከተማዋ ስም እንዳይጠፋ ብለው ይሸጡታል?"

"አዑዙ ቢላህ!" አሉ። "እሱ ሐራም ነው።"

ያን ጊዜ ነው እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና በመሃል ገብታ የተናገረችው። እናቴ ሽማግሌ ፊት ስትናገር አይቻት አላውቅም። "እናንተ" አለች፣ "ያ ልጅ ፊዚክስ ከእሷ ሲገለብጥ ሽማግሌ አልላከም ነበር። አሁን ምን አሳፈረው?"

ኮሎኔሉ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑት። ቄሱ ግን ተቆጥተው ተነሡ፤ እንደ ልማዱ አስታርቀው ሳይመርቁ መውጣታቸው ነውር ሆኖባቸዋል። ሁለቱ ቀድመው ወጡ። ሐጂ ጫማቸውን እያጠለቁ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄን ላስወጣት?"

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። "ምን አሉኝ?"

"የኔዋን። ላስወጣት ወይ? አንቺ ታውቂያለሽ።"

"ያስወጧት ሐጂ" አልኳቸው። "ዛሬውኑ።"

እጄን ጨበጡኝ። ከዚያ ግቢውን አቋርጠው ጓደኞቻቸው ላይ ሲደርሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ልቧ ደንድኗል፤ አላህ ያራራት!" ሲሉ ሰማሁ። ሰኞ የልጅቷ ወንበር ባዶ ነበር።

እኔም ሳምንት ሳይሞላ እዚያ ማስተማሩን ለቀቅኩ። ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ሰዎች ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። መጡ። የእነሱንም አመጣጥ ያየ ያደንቃል፤ በዶክተሩ መኪና መጥተው፣ በዶክተሩ ምሳ በልተው፣ "አንዳንድ የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ" ብለው ሄዱ። የሚስተካከለው ምን እንደሆነ ክረምቱ ሲወጣ ታየ። ባነሩ ወረደና ሌላ ባነር ተሰቀለ። አዲሱ እናት ዩኒቨርሲቲ ሌላ አገር ነው፤ ዓርማው ላይ መልሕቅ የለም፤ ችቦ ነው ያለው። የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ በደሴቷ ዲግሪ ተመረቀ፣ ዕድገቱንም አገኘ። ጉዳይ ኖሮኝ ቢሮው ስገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ይጨብጠኛል፤ ትሑት ሰው ነው። ዲግሪውን በመስተዋት አስገብቶ ከራሱ በላይ ሰቅሎታል። ዶክተሩም በመንገድ ሲያገኘኝ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "አቦ፣ እንዴት ነሽ?" ይለኛል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። እኔም ደኅና ነኝ እላለሁ። ምን እላለሁ ሌላ?

የሐጂን ልጅ ያገኘኋት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው። ለእናቴ ጨርቅ ልገዛ ሱቃቸው ገብቼ ከመደርደሪያው ኋላ አየኋት። እንደ ሐረር ልጅ አንቺ እያለች ነው የምታወራኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና እንደገና ልትፈተን በግሏ እያጠናች መሆኑን ነገረችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ጨርቁን ስትለካ ቆይታ ድንገት አቆመች።

"ቲቸር፣ ያፈርኩት በዩኒቨርሲቲው አይደለም፣ በአባቴ ነው" አለችኝ። "አንቺ ለሁላችን በክፍል ውስጥ ነገርሽን። አባቴ ግን ቤታችሁ በሽምግልና ሄዶ፣ ዝም በይ ብሎሽ፣ ከዚያ እኔን ብቻ አወጣኝ። አብረውኝ የነበሩት ልጆች አባቶቻቸው የእሱ ጓደኞች ናቸው። አንዳቸውንም አላስጠነቀቀ። ይህን ስለው ስንት ጊዜ ተጣላን መሰለሽ!"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"መጨረሻ ላይ እሺ አለ። ከሰዓት ለጫት በሚቀመጡበት ቤት፣ ሁሉም ባሉበት፣ ልጆቻችሁን አስወጡ፣ ውሸት ነው፣ እኔ ካወቅኩ ቆይቻለሁ አላቸው።" ጨርቁን መቀስ አስገባችበት። "በጣም ፈርቶ ነበር። ያዋርዱኛል ብሎ።"

"አዋረዷቸው?"

"የለም" አለች። "'ሐጂ፣ እሱ እኮ ተዘጋ፤ ልጆቻችንን ያስመዘገብናቸው አዲሱ፣ ባለ ችቦው ጋ ነው' አሉት። ደኅና አድርገው አስቀመጡት፣ ጫት አቀበሉት፣ ሌላ ወሬ ጀመሩ።"

ጨርቁን አጥፋ ሰጠችኝ። ፈተናው ሲደርስ እንግሊዝኛውን እንዳስጠናት ጠየቀችኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ነይ አልኳት።